ከኋላ የሚሸከመው

አብነር ፐርኔል ቁጭ ብሎ አያውቅም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሚስቱ ሄስተር፣ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ባሏ አንዲት ራት እንኳ ከመቀመጫው ሳይነሣ የጨረሰበትን ቀን አስታውሳ መናገር አትችልም። ዳቦውን ይቆርስና ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ አይቡን በእጁ እንደያዘ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን አይቶ ይመለሳል፤ ቢራውን ቆሞ ይጠጣል። ተኝቶም አያርፍም፤ እግሮቹ ከብርድ ልብሱ ሥር ይራመዳሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ዳገቱን ብቻህን ብትወጣው ምናለ? እኔን ለምን ታስከትለኛለህ?» ትለዋለች ጧት ዓይኗን እያሸች።

እንዲህ ያለው ሰው የሚኖረው፣ ሰው ሁሉ ዕረፍት ፍለጋ በሚመጣባት በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ነበር። ፍል ውኃው ከምድር ሆድ ያለማቋረጥ ይፈልቃል፤ ለማን እንደሚፈልቅ ግን አይጠይቅም። ሪህ ጣቱን ያሳበጠው ባላባት፣ ልጅ የዘገየባት ወይዘሮ፣ የአጎቱን ውርስ የሚጠባበቅ ጎረምሳ፣ ምንም ሳያመው ቀኑ አልመሽ ያለው ሁሉ በሠረገላ ተጭኖ ይመጣል። መጥቶ ግን አያርፍም። ጎህ ሲቀድ ገንዳ ይገባል፤ ከገንዳው ወጥቶ ሦስት ብርጭቆ ትኩስ ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ሱቅ ለሱቅ፣ ከዚያ ጸሎት፣ ከዚያ ካርታ፣ ከዚያ ጭፈራ፤ በማግስቱ እንደገና ወደ ገንዳው። ሰው ከራሱ ጋር ብቻውን ላለመቀመጥ ሲል ስንት ነገር እንደሚፈጥር ማየት የፈለገ፣ እዚያች ከተማ አንድ ሳምንት ቢሰነብት ይበቃው ነበር። ለዚህ ሁሉ ሩጫ እግር ሆነው የሚያገለግሉት ደግሞ እነ አብነር ነበሩ።

ሥራው ወንበር መሸከም ነው። ወንበር ይባል እንጂ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ጠባብ ቤት ነው፤ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ በር ያለው፣ ጣራው ወደ ላይ የሚከፈት። በግራና በቀኝ ረጃጅም መሎጊያዎች ይገቡበትና አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው፣ በትከሻ ላይ በሚያልፍ የቆዳ ማንገቻ ያነሡታል። የፊተኛው መንገዱን ያያል። የኋለኛው የሚያየው የወንበሩን ጀርባ ነው። አብነር የኋላ ተሸካሚ ነበርና ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከዓይኑ ሥር ያልተለየው ያ ጥቁር ቆዳ ነው። ቆዳው በየት በኩል እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ምስማር እንደላላ ከገዛ መዳፉ ይበልጥ ያውቃል። ስንት ዕፁብ የተባለ አደባባይ አቋርጧል፤ በወጉ ያየው ግን እሑድ ከሚስቱ ጋር ሲንሸራሸር ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ቸኩሎ።

ከሜንዲፕ ኮረብቶች የእርሳስ ማዕድን ጉድጓድ ሸሽቶ፣ በሃያ ስምንት ዓመቱ ወደ ባዝ ሲወርድ፣ የከተማይቱ ኑሮ አብዛኛው ሸለቆው ውስጥ፣ ከወንዙና ከአሮጌው ቅጥር መካከል ነበር። ከዚያ ባለጸጎቹ የታችኛውን ጭስና ሽታ ሸሽተው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ወርቅማ ድንጋይ እየተፈለጠ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቀመሩ ቤቶች ዳገት ለዳገት ተሰደሩ፤ አንዱ ሳያልቅ ከበላዩ ሌላው ይጀመራል። ውኃው ግን ታች ቀረ። ውኃ ዳገት አይወጣምና ሰው ሊወርድለት ግድ ነው፤ የወረደውም መልሶ ሊወጣ፤ ያውም በሌላ ሰው ትከሻ። ሌላው ሰው የከተማይቱን ዕድገት በሕንፃው ይቆጥረዋል፤ አብነር ግን በጉልበቱ ነበር የሚያውቀው።

ደግሞ ሐኪሞቹ ተነሡና፣ ከፍል ውኃ ይልቅ የባሕር ጨው ውኃ ይበጃል ማለት ጀመሩ። ባለማዕረጎቹ አንድ በአንድ ወደ ባሕር ዳር ሄዱ፤ በምትካቸው ጡረታ የወጣ መኮንን፣ የቄስ መበለት፣ ኪሱን እየዳበሰ የሚሄድ ነጋዴ መጣ። ከእነርሱ ጋር አንድ ሌላ ነገር መጣ፤ ሦስት ጎማ ያለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ከኋላ የሚገፋው ወንበር። ወንበር ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። «የሽማግሌ አንቀልባ» አሉት። ሳቁ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደና ጨርሶ ጠፋ።

የሸክም ሥራ አንድ ሕግ አለው፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ልብ አይለውም። ሁለቱ ሰዎች እግር መግጠም የለባቸውም። የፊተኛው ግራውን ሲያነሣ የኋለኛው ቀኙን ማንሣት አለበት። እግር ከገጠሙ ወንበሩ ከሥራቸው እየነጠረ ይወዛወዛል፤ ውስጥ ያለው ሰው ሆዱ አፉ ድረስ ይመጣል። እግራቸው ከተለያየ ግን፣ አንዱ የሚያነሣውን ሌላው እያወረደ፣ ሣጥኑ እንደ ረጋ ውኃ ይሄዳል። ሰዎች እንዲስማሙ ልባቸው ይግጠም እንላለን፤ እዚያ ግን ሸክሙን የሚያረጋጋው አለመግጠሙ ነበር። አብነርና ጃይልስ ኪንች በዚህ ነገር በከተማይቱ የታወቁ ነበሩ። ከፊት የሚሄደው ጃይልስ ነው፤ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ሲናገር ቃላት የሚከፈልባቸው የሚመስለው ሰው። «ከነሱ ወንበር ውስጥ የሞላ ብርጭቆ ቢቀመጥ ጠብ አይልም» ይባል ነበር፤ አብነርም ይህን ሲሰማ፣ ብርጭቆው ያልፈሰሰው ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛውን እርምጃ አጣርቶ ስለሚከተል እንደሆነ በልቡ ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር፤ ወይም ያውቅ ይመስለው ነበር።

በፈረንሣይ ንጉሡ አንገቱን በተቀላበት በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ጃይልስ ሪህ ያዘው። ጓደኞቹ ተሸካሚዎች እስኪጠግቡ ሳቁበት። ሪህ የጌቶች በሽታ ነው፤ ጃይልስ ከተሳፋሪ ተጋባበት፤ አሁን ማን ይሸከመው ተባለ። ጃይልስም አብሮ ስቆ፣ ማንገቻውን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለና በቃኝ አለ። አብነር ግን አልሳቀም። ክህደት ሆኖ ነው የታየው። «እንግዲህ ሄደህ ተኛ፣ ጌታዬ!» ብሎት ተለያዩ። ጃይልስ ወንዙን ተሻግሮ ዊድኮም፣ ባሏ የሞተባት እኅቱ ቤት ገባ። ከአብነር ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ያ ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው፣ እግሩ ያልረገጠው ቦታ በከተማው ውስጥ የሌለ ሰው፣ አሥር ሳምንት ሙሉ ያችን የግማሽ ሰዓት መንገድ አልሄደም።

በጥቅምት መጨረሻ ወይዘሪት ዴቨረል እንደምትመጣ ተሰማ። ይህች ሴት በስድሳዎቹ መጨረሻ ያለች፣ ከሰሜን ከወንድሟ ርስት የምትመጣ፣ ቁርጥማት እጇን እንደ ወይን ሐረግ ሥር ያጣመመባት ሴት ናት። አሥራ አንድ ክረምት በተከታታይ፣ ከእሑድ በቀር ጧት ጧት፣ ኦሬንጅ ግሮቭ አደባባይ ከሚገኘው ማረፊያዋ «የንጉሥ ገንዳ» ወደሚባለው ፍል ውኃ የወሰዷት አብነርና ጃይልስ ናቸው። ወደ ገንዳ የሚሄደው ወንበር ከሌላው ይለያል፤ ዝቅ ያለ፣ ጠባብ፣ በሸራ የተጋረደ ነው፤ በደረጃ ይወጣል፤ እስከ አልጋው ድረስ ይገባል። በሽተኛዋ ከውኃው በሱፍ ተጠቅልላ፣ ላቧ እየወረደ፣ ሳይበርዳትና ሳትናወጥ አልጋዋ ውስጥ መግባት አለባት። መንገድ ላይ አንዲት ንቅንቅታ ለእርሷ ቢላዋ ናት። ክረምቱን ሙሉ ሁለት ሰዎችን ለብቻዋ የምትይዝ ሰው በከተማው ውስጥ ከእርሷ በቀር አልቀረችም ማለት ይቻላል። እርሷ ከሄደች ለአብነር የሚቀረው በውኃ መጠጫው አዳራሽ በር ላይ በዝናብ ቆሞ፣ ከአርባ ጥንድ ሌሎች ተሸካሚዎች ጋር ለአንድ ተሳፋሪ መጋፋት ነው፤ በአምሳ ሁለት ዓመቱ። ለአከራይዋ በላከችው ደብዳቤ ላይም «የወትሮዎቹ ሁለት ሰዎች» የሚል ነበረበት።

ጃይልስን በቁመት የሚተካከል ሰው ተፈልጎ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ሩበን ሃስኬል የሚባል፣ አሥራ ሁለት ዓመት በእግረኛ ጦር አገልግሎ በቅርቡ የተመለሰ፣ ጉንጩ በባሩድ ቃጠሎ ጠቃጠቆ የሆነ፣ ደስተኛ ሰው። አብነር ከፊት አቆመው። ሌላ ምን ያድርግ? እሱ የኋላ ሰው ነው።

እንደመጣች በመጀመሪያው ሰኞ ማለዳ ተሸክመዋት ሲወጡ፣ ገና ኦሬንጅ ግሮቭን ሳይጨርሱ ወንበሩ መንጠር ጀመረ። አብነር መሎጊያውን ጨብጦ ሊያረጋጋው ሞከረ፤ ባሰበት። ከሸራው ውስጥ ድምፅ አልወጣም፤ ይህም ከጩኸት ይከፋል፤ ወይዘሪት ዴቨረል ስታዝን ዝም የምትል ሴት ናትና። ተመልሰው አልጋዋ ዘንድ ሲያስቀምጧት ፊቷ ወረቀት መስሎ ነበር። ሠራተኛዋ ከወንበሩ እያስነሣቻት ሳለ ወይዘሪቷ አብነርን በዓይኗ አስቀረችው።

«ፐርኔል፣ እስከ ቅዳሜ እታገሣለሁ» አለችው። «ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ባለ ጎማውን ሰው አስጠራለሁ። ላንተ ብዬ አጥንቴን አላስፈጭም፤ ብወድህም።»

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አብነር ወንበሩ ላይ ሁለት ጆንያ ከሰል ጭኖ ሃስኬልን ወደ ወንዙ ዳር መንገድ ወሰደውና ያሠለጥነው ጀመር። ግራ ሲል ግራ፣ ቀኝ ሲል ቀኝ። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ደህና ይሄዳሉ፤ ከዚያ ጆንያዎቹ መዝለል ይጀምራሉ። አብነር ይጮኻል። ይቆማሉ። እንደገና። ሃስኬል ቅር ሳይለው «አለቃ፣ እግሬ እኮ የኔ አይደለም፤ የንጉሡ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በከበሮ ቀጥቅጠው ነው የሠሩት» ይለዋል። ማክሰኞ እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ወሬው ደግሞ ባንዴ ከተማውን አዳረሰ። በስቶል ጎዳና ሲያልፉ፣ ግድግዳ ተደግፈው ሥራ የሚጠብቁት ተሸካሚዎች ዝም ብለው አያሳልፏቸውም።

«አብነር፣ ምን እየናጣችሁ ነው?» አለው አንደኛው።

«አትረብሻቸው እባክህ» አለ ሌላው፤ «ቅዳሜ ሸራው ሲገለጥ ቅቤ ሆና ትወጣለች፤ ለዳቦዬ እገዛለሁ።»

አብነር ቤቱ ገብቶ አልበላም፤ ከምድጃው ወደ በር፣ ከበሩ ወደ ምድጃ ሲል፣ ሄስተር ሹራብ የምትሠራበትን ክር እግሩ ጠልፎ ጎተተው። ሰውየው ሰነፍ ነው፣ ሰውየው ደንቆሮ ነው፣ ሰውየው እግር እየገጠመብኝ ነው አላት። ሄስተር ክሯን እየሰበሰበች፣ ሰውየው አሥራ ሁለት ዓመት የሄደበትን አካሄድ ለአንተ ሲል በአራት ቀን ይርሳ እንዴ ብላ ጠየቀችው። የሚስቱ ነገር ሁልጊዜ ትክክል ስለሆነ፣ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን አየ።

ሐሙስ ማለዳ ወይዘሪት ዴቨረል ከሸራው ውስጥ ጃይልስ ሞቷል ወይ ብላ ጠየቀች። አብነር አልሞተም፣ ሪህ ይዞት ዊድኮም ተኝቷል አላት።

«እንግዲያው አፍ አለው» አለች። «ሄደህ ጠይቀው።»

አብነር ያን ቀን አልሄደም። ዓርብም እስከ ቀትር አልሄደም። ለካ ኩራት ከሪህ ይበልጥ እግር ያስራል። ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሃስኬል ለሠላሳኛ ጊዜ ይቅርታ ሲጠይቀው፣ ማንገቻውን አውልቆ ጣለና ድልድዩን ተሻገረ።

የጃይልስ እኅት በሩን ከፍታ ስታየው ቅርጫቷን አንሥታ ወጣች። ጃይልስ እግሩን በሱፍ ጠቅልሎ በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ እሳቱ አጠገብ ተቀምጧል። ከስቷል።

«አሥር ሳምንት» አለ። «ዊድኮም በየት በኩል እንደሆነ ጠፋብህ? ለነገሩ ድሮም መንገድ የማሳይህ እኔ ነበርኩ።»

አብነር ተቀመጥ ሳይባል፣ ቢባልም ሳይቀመጥ፣ ከመስኮቱ እስከ ግድግዳው እየተመላለሰ የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ የሁሉንም ቀን ነገረው። ይህ ወታደር ገጥሞኝ ጠፋሁ፣ ከፊት ያለ ሰው እንዴት ነው የሚሠለጥነው፣ አንተን ማን አሠለጠነህ አለው። ጃይልስ በዓይኑ ይከተለው ነበር፤ የሰውየውን ፊት ሳይሆን እግሮቹን።

«ሰውየው ሲራመድ ሰምተኸዋል?»

«ምኑን ነው የምሰማው?»

«ጫማውን።»

«እኔ የኋላ ሰው ነኝ፤ የማየው ቆዳ ነው።»

«ዓይንህን አልጠየቅኩህም።» ጃይልስ በርጩማው ላይ ያለውን እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ አመቻቸ። «ወታደር እግር አይገጥምም፣ አብነር፤ ይገጠማል እንጂ። እሱ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው። የምትገጥመው አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አንተ። ከማንም ጋር። ከእኔ ጋር፣ ከፈረስ ጋር፣ ከደወል ጋር። ፊትህ የሚሄድ ነገር ካገኘህ ሃያ እርምጃ ሳትጨርስ ትገባበታለህ። ስለምትቸኩል ነው። የቀደመህን ለመድረስ ትሮጣለህ፤ ስትደርስበት እግርህ ከእግሩ ጋር ነው።»

አብነር ቆመ። ሃያ አራት ዓመት ወንበሩ ተወዛውዞ ያውቃል ወይ ብሎ በቁጣ ጠየቀው።

«እኔ ስለምቀይር ነዋ!» አለ ጃይልስ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በገጠምክ ቁጥር ግማሽ እርምጃ እዘላለሁ። በቀን መቶ ጊዜ። ሁለተኛዋ ልጅህ በሞተችበት ክረምት፣ እንጃ፣ መቁጠሩን ተውኩት።»

አብነር ለምን እንዳልነገረው ጠየቀ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆነበት።

«ብነግርህ እግርህን ማየት ትጀምር ነበር። እግሩን የሚያይ ተሸካሚ ደረጃ ላይ ይወድቃል።» ጃይልስ ወደ እሳቱ ዞረ። «ደግሞም አልከፋኝም። ፊት ለሚሄድ ሰው፣ ኋላው ሰው መኖሩን የሚያውቀው በዚያ ነው።»

ጃይልስ ቀጠለና፣ ወታደሩን ከኋላ አድርገው፣ አንተ ፊት ሁንና ስማው አለ።

«ፊት ሆኜ አላውቅም።»

«እኔም ሪህ ይዞኝ አያውቅም ነበር።»

አብነር ደህና ሁን ሳይል ወጣ። አላመነውም። ሪህ አእምሮ ላይ ይወጣል ሲባል ሰምቷል። በድልድዩ ላይ ግን አንዲት ቅርጫት የተሸከመች ሴት ከፊቱ ትሄድ ነበርና፣ ሳያስበው ጆሮውን ጣለ። የእርሷ የእንጨት ጫማ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የእርሱ፣ ሦስት ፈጣን፣ አንድ የዘገየ፣ ሁለት ፈጣን፤ ከዚያ ሳያዝዘው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ከእርሷ ጋር አንድ ሆነ። ቆመና አሳለፋት። እንደገና ተነሣ፤ ከድልድዩ ወዲያ ሳይደርስ እንደገና ገጠማት። ሴትዮዋ ዞራ አየችውና ፍጥነቷን ጨመረች፤ እርሱም ጨመረ፤ ይህን ሲያውቅ አፍሮ ወደ ወንዙ ፊቱን አዞረ።

ሰው በሕይወቱ ውስጥ ሳይፈስ የቀረ ነገር ሁሉ በራሱ ጥንቃቄ የቀረ ይመስለዋል። ስንቱ ጧት ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ጎጆዬን ያቆምኩት እኔ ነኝ ብሎ ይወጣል፤ ከፊቱ ወይም ከጎኑ አንድ ሌላ ሰው በዝምታ ግማሽ እርምጃ እየዘለለ እንደሆነ ሳያውቅ። ለማወቅም ግድ አይለውም፤ ያ ሰው አንድ ቀን ማንገቻውን አውልቆ ሚስማር ላይ እስኪሰቅል ድረስ። አብነር ይህን በዚህ መልክ አላሰበውም። እርሱ ያሰበው፣ በነሐሴ ጃይልስን ጌታዬ ብሎ የተሳደበውን ስድብ ነው። ወንዙ ዳር ሲመላለስ መሸበት።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ሃስኬል ወንበሩ ዘንድ ሲደርስ አብነር በፊት መሎጊያዎች መካከል ቆሞ አገኘው።

«ተሳስተሃል አለቃ፣ ቦታዬ ነው» አለ ሃስኬል።

«ከኋላ ግባ።»

ሃስኬል ገባ። ማንገቻውን እያጠበቀ ከኋላ ምን እንደሚታይ ጠየቀ። አብነር ምንም አለው። ሃስኬልም ጦር ሜዳ ከሚታየው ይሻላል ብሎ ሳቀ። አብነር ሳይዞር፣ ቃላቱን እንደ ትኩስ ድንች ከአፉ እያስወጣ፣ «የሰሞኑ ጥፋት የኔ ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ አለቃ።»

አብነር ዞረ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አለቃ ሲሳሳት ዝም ማለት ነው ያስተማሩኝ።»

ወይዘሪት ዴቨረልን አንሥተው ወጡ። አብነር ፊቱ ተገፎ የቀረ መሰለው። ሃያ አራት ዓመት ከቆዳው ጀርባ የኖረ ሰው በድንገት መንገዱ ሁሉ ተከፍቶበት፣ ወተት ሻጮቹ፣ ጎመን የጫነው ጋሪ፣ እርጥቡ ድንጋይ፣ ሁሉም ወደ እርሱ የሚመጣ መሰለው። ትከሻው ተኮማተረ። እግሮቹ ሊሮጡ ፈለጉ። ከኋላው የሃስኬል ጫማ፣ ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ አንድም ሳያጎድል ይመጣል። ሰማው። ገጠመ። ወንበሩ ከጀርባው ነጠረ። ግማሽ እርምጃ ዘለለ፤ ረጋ። ጥቂት ሄደው ጋሪውን ሲያልፉ ልቡ ወደ ጋሪው ሄደ፤ ገጠመ፤ ዘለለ፤ ረጋ። እስከ ገንዳው አሥር ጊዜ ያህል ሳይሆን አልቀረም። በየጊዜው ላብ ይወርደው ነበር፤ ሸክሙ ግን ከብዶት አይደለም። ለካ መስማት ከመሸከም ይበልጥ ያደክማል።

እርሷ ውኃው ውስጥ ሳለች ሁለቱ ከእንፋሎቱ ዳር ቆመው ጠበቁ። አብነር ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ይህን ያስተዋለው ሃስኬል ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ ግን አላወቀም።

በመልሱ ስድስት ጊዜ ገጠመ። በስቶል ጎዳና የቆሙት ተሸካሚዎች አብነርን ከፊት ሲያዩት አንዱ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወንበሩን አየና ዘጋው።

የማረፊያ ቤቱ ደረጃ ጠመዝማዛ ነው። አብነር ወደ ላይ እየመራ፣ ሃስኬል ከታች መሎጊያዎቹን እስከ ትከሻው ከፍ አድርጎ፣ ሁለተኛው ፎቅ ጥግ ላይ ሲደርሱ የአብነር ትንፋሽ አጠረ። ደረጃ ላይ አይቆምም፤ ሕግ ነው፤ በሽተኛዋ ትቀዘቅዛለች። እርሱ ግን ቆመ። ምንም አላለም፤ እጁንም አላነሣም። ከታች ያለው ጫማ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ትእዛዝ ቆሞ የማያውቀው ጫማ፣ በዚያው ቅጽበት ቆመ። ወንበሩ በመካከላቸው ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ።

«ፐርኔል» አለ ከሸራው ውስጥ የደከመ ድምፅ፤ «ምነው ቆምን?»

«ትንፋሽ ልውሰድ ብዬ ነው፣ እመቤቴ።»

አብነር መልሷን ሲጠብቅ ባለ ጎማው ሰው በሩን ሲያንኳኳ የሰማ ያህል ሆነ።

«አሥራ አንድ ክረምት አንተ ትንፋሽ ስትወስድ ሰምቼ አላውቅም» አለች ወይዘሪት ዴቨረል። «ውሰድ። እኔ አልበረደኝም። ሰኞ ግን አትዘግዩብኝ።»

አብነር ግድግዳውን በትከሻው ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ከታች ሃስኬልም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ የቀሩትን አሥራ አራት ደረጃዎች ወጡ።